ኤድመንድ ሃሌይ፦ የሰማይን ሥጋት በስሌት የመረመረ ሊቅ

ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ የጦርነት፣ የረሃብ ወይም የንጉሥ ሞት ምልክት ተደርጎ ለዘመናት ተተርጉሟል። ይህን ፍርሃት በስሌት ከተኩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ ነው።

ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1656 በለንደን አቅራቢያ ከሳሙና አምራች አባት ተወለደ። በ20 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት በመጓዝ የ341 ደቡባዊ ከዋክብትን አቀማመጥ መዘገበ። የአይዛክ ኒውተን ታላቅ መጽሐፍ በ1687 የታተመውም በእርሱ ጉትጎታና ገንዘብ ነበር።

በ1694 ጅራታም ኮከብ ከምድር ጋር ቢጋጭ ሊያደርስ የሚችለውን ጥፋት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃም በዚህ መንገድ ደርሶ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል በሃይማኖት አቋሙ ተጠርጥሮ የኦክስፎርድን የሥነ ፈለክ ወንበር ያጣው ሃሌይ፣ የቤተ ክህነትን ወቀሳ በመስጋት ጽሑፉን ለ30 ዓመታት ያህል ሳያሳትመው ቆየ።

በ1705 በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታየው ጅራታም ኮከብ አንድ መሆኑን በስሌት አሳይቶ፣ በ1758 እንደሚመለስ ተነበየ። በ1715 ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ በእንግሊዝ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታ አስቀድሞ አሳተመ፤ ዓላማውም ሕዝቡ ድንገተኛውን ጨለማ እንደ መዓት ቆጥሮ እንዳይሸበር ነበር። በ1742 ሲያርፍ የትንበያውን ፍጻሜ አላየም። ኮከቡ ግን በቀጠሮው መጥቶ በ1758 የገና ዕለት በጀርመን ሳክሶኒ በሚኖር አንድ ገበሬ ታየ።

የሃሌይ ኮከብ ዑደት 76 ዓመት ገደማ ነው። በደብረ ኤልያስና በሌሎች የጎጃም አድባራት ባሕረ ሐሳብን የተማሩ ሊቃውንት ይህን ቁጥር በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ ማዕከላዊ ቀመርም 76 ዓመት ነውና። ሁለቱ በምክንያት ባይዛመዱም፣ የሰማይ አካላት ጉዞ ሥርዓት ያለውና የሚሰላ መሆኑን በጋራ ይመሰክራሉ።

ሃሌይ የጠቆመው አደጋ ዛሬ የመከላከያ ሥራ ተጀምሮለታል። በ2015 ዓ.ም. የደመራ ሌሊት፣ የመስቀል በዓል ሊነጋ ሲል፣ የአሜሪካው ናሳ ዳርት የተባለች መንኮራኩርን ዲሞርፎስ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ብሎ አጋጭቶ፣ የዙረቱን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አሳጥሯል። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ስሌቱ እንደሚያረጋግጠው ምድርን አይመታም፤ ከአፍሪካ ጭምር በዓይን እንደሚታይም ይጠበቃል።

የዝግጁነት መሠረቱ አስቀድሞ ማወቅና ያወቁትን ለሕዝብ በወቅቱ መንገር ነው። ኅብረተሰቡም መሰል ክስተቶች ሲቃረቡ አሉባልታን ትቶ በስሌት የተረጋገጠ መረጃን እንዲከተል የሃሌይ ሕይወት ያስተምራል።