ጄምስ ብሩስና ጓዙ

ሻንጣ የሚፈተነው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። ስንቃችንን ይዘን ከየገጠሩ ወደ ከተማ ለትምህርት የምንመጣ ተማሪዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን። ስለዚህ ለመጽሔታችን የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ የመረጥሁት፣ ከባድ ዕቃ ይዞ ብዙ አገር የዞረውን መንገደኛ ጄምስ ብሩስን ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሰው የሚያነሡት ስለ ድፍረቱ ነው፤ እኔ ግን ጓዙን እየተከተልሁ ታሪኩን ለአንባብያን አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። ባደገም ጊዜ ሕግ መማር ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደዚያ ስላላዘነበለ ተወው። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ሙሽራይቱም ዓመት ሳይሞላት በፓሪስ ከተማ ዐረፈች። ከዚህ ኀዘን በኋላ በጉዞና በቋንቋ ጥናት ተጠመደ። ዐረብኛ ተማረ፤ የእኛንም ግዕዝ ከመጻሕፍት አጠና። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1765ም በዚያ ቈየ። የልቡ ምኞት ግን የዓባይን ምንጭ በዓይኑ ማየት ነበር።

ወደ ግብፅ ከመድረሱ አስቀድሞ የተሳፈረበት መርከብ በቤንጋዚ አጠገብ ተሰበረ። ብሩስ ዋኝቶ ወደ የብስ ወጣ፤ ከዕቃው ግን ብዙው ጠፋበት። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት በዚህ ተስፋ ቈርጦ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን መሣሪያዎቹን እንደገና ለማሟላት ይጽፍና ይለምን ጀመር። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛም ኳድራንት የሚባለውን ትልቅ መሣሪያ ሰጠው። ኳድራንት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ መለኪያ ነው፤ በዚህም መንገደኛው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደ ራቀ ለማወቅ ይችላል። መሣሪያው ከብረት እግሩ ጋር እጅግ ከባድ ስለ ነበረ ራሱና እግሩ ተለያይቶ ይጓጓዝ ነበር።

በሴፕቴምበር 1769 ብሩስ ምፅዋ ደረሰ። በኖቬምበር ወር ከቈላው ወደ ደጋው ለመውጣት ታራንታ የተባለውን ተራራ መሻገር ነበረበት። ኳድራንቱን በየተራ የሚሸከሙ ሰዎች ተቀጥረው ነበር፤ ነገር ግን ዳገቱ በጠናባቸው ጊዜ ጥቂት ሄደው ተዉት። በዚያን ጊዜ ብሩስ ራሱና ያሲን የተባለ ሙስሊም የጉዞ ጓደኛው አስቀድመው የመሣሪያውን ራስ፣ ቀጥሎም እግሩን አብረው ተሸከሙ። ሁለቱ ሰዎች በድንጋዩ ላይ እየቧጠጡ ወጡ። ልብሳቸው ተቀዳደደ፤ እጃቸውና ጉልበታቸው ደማ፤ መሣሪያው ግን ሳይሰበር ከላይ ደረሰ።

ከዚያ በአድዋና በአክሱም አልፎ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። በዚያ ወራት ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። በቁስቋም የመኳንንቱ ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው ነበርና ብሩስ አስታመማቸው፤ በዚህም ምክንያት በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ተወደደ። ቈይቶም ራስ ፊል የተባለውን የጠረፍ አገር ግዛት ተሾመ፤ በዚያም እንደራሴው ያ የታራንታው ያሲን ሆነ። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ብሩስ በጎጃም በሰከላ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ወደ እኛ ወደ ምሥራቁ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ አልመጣም። ይሁን እንጂ ያ ያየው ውሃ ጣናን አልፎ በሞጣና በደጀን ሥር ባለው ጥልቅ ሸለቆ የሚወርደው የእኛው ዓባይ ነው።

ከሁሉ የባሰው ፈተና የመጣው በመመለሻው ላይ ነው። ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወረደ፤ በ1772ም የኑቢያን በረሃ ለማቋረጥ ገባ። ውሃ አለቀ፤ ጫማው አልቆ እግሩ አበጠ፤ ግመሎቹም ከድካም የተነሣ መሄድ ተሳናቸው። እንግዲህ ምርጫው አንድ ብቻ ሆነ። ኳድራንቱን፣ መነጽሮቹን፣ ሰዓቱንና ለዓመታት የጻፈውን ወረቀት ሁሉ በአሸዋው ላይ ጥሎ ነፍሱን ለማዳን በእግሩ ገሠገሠ። በኖቬምበር 29 ቀን አስዋን ደረሰ። እግሩ በቍስል ተበልቶ ሳለ ከአገሩ ሹም ግመሎች አግኝቶ እንደገና ወደ በረሃው ተመለሰ፤ ጓዙንም ካስቀመጠበት አገኘው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። ሰው ከሞት አምልጦ ሳለ ወደ ሞት ስፍራ የሚመለሰው ለሻንጣው ውበት አይደለም፤ በውስጡ ላለው ነገር ነው። ያ ወረቀት ቢጠፋ ኖሮ የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም በከንቱ በቀረ ነበር።

ብሩስ በ1773 አውሮፓ ገባ። ከኢትዮጵያ ካመጣቸው የብራና መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ በአውሮፓ ሙሉው ጠፍቶ የኖረ ሲሆን በእኛ አገር ግን በግዕዝ ተጠብቆ ቈይቷል። አባቶቻችን መጽሐፉን በእንጨት ገበታ ጠርዘው፣ በቆዳ ለብጠው፣ በማኅደር ከትተው በትከሻቸው ያንጠለጥሉት ነበርና። በአገሩ ብዙ ሰዎች የተናገረውን ስላላመኑት ብሩስ ተቈጥቶ ዝም አለ፤ የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በረሃውና ባሕሩ ያልገደለውን ሰው የገዛ ቤቱ ደረጃ ገደለው።

ስለ ብሩስ እውነቱን ለመናገር ግን ጥሎት የመጣውንም ማንሣት ይገባል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ አብሮት ነበረ፤ እስከ ግሽም አብሮት እንደ ሄደ በራሱ በባሉጋኒ እጅ የተጻፈው ማስታወሻ ይመሰክራል። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ከግሽ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ደግሞም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓኝ ሰው በ1618 ምንጩን አይቶ ሳለ ብሩስ ይህን ካደ። የአገሩ ሰዎች ከእነዚህ ሁሉ አስቀድመው ምንጩን ያውቁትና ያከብሩት ነበር። እንግዲህ ለብረት መሣሪያ ሲል ወደ በረሃ የተመለሰው ሰው የጓደኛውን ስም በመንገድ ላይ ትቶ መጣ ማለት ነው። እኔ ብሩስን አደንቀዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አዝንበታለሁ።

አሁን ወደ እኛ ጓዝ ልመለስ። ወላጆቻችን ጤፍ ሸጠው የሚገዙልን የጀርባ ቦርሳ ዓመቱን ሙሉ መቈየት አለበት። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት በመጀመሪያ ምን እንደምንይዝበት እናስብ፤ ደብተር የሚይዝና ከየጥኖራ የሳምንት ስንቅ የሚያመላልስ ቦርሳ አንድ አይደለም። ቀጥሎ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ስፍራ ሳብ አድርገን እንመልከት፤ ቦርሳ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ከዚያ ነውና። ማንገቻው ሰፋ ያለ ከሆነ ትከሻ አይቈርጥም። ታቹ ድርብ ቢሆን፣ ዚፑም ሳይንገራገጭ ቢሄድ መልካም ነው። ባዶውን የሚከብድ ቦርሳ ሲሞላ ይብሳል። ስፌቱም ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የሚችል ይሁን። ለክረምት ዝናብ ደብተሩን በላስቲክ መጠቅለል አይከፋም። ከባዱን ነገር ከጀርባችን አስጠግተን እናስቀምጥ፤ ጭነቱ ከበዛም እንደ ኳድራንቱ ለሁለት እንክፈለው። ስልቻና አገልግል የሠሩልን የቆዳ ሠራተኞቻችንም ይህን ሁሉ ያለ ሱቅ ማስታወቂያ ያውቁት ነበርና እጃቸውን እናክብር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጓዛችንን ብቻችንን እንዳልተሸከምነው እናስታውስ። ስንቁን የምትጋግር እናት አለች፤ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ተሸክሞ የሚሸኝ ታናሽ ወንድም አለ፤ አህያውን የሚያውስ ጎረቤት አለ። እኛም ነገ ተምረን የራሳችንን ታሪክ የምንጽፍ ብንሆን የእነዚህን ሰዎች ስም ከመጽሐፉ እንዳናጐድል አደራ እላለሁ።