የሒሳብ መኪናን ምስጢር የገለጠች ሴት

ዕውቀት ለወንድ ብቻ የተከፈለ ርስት አይደለም። ሴት ልጅ መምህርና መጽሐፍ ካገኘች ከከፍተኛው ጥበብ ልትደርስ እንደምትችል ከሚያስረዱት አንዷ እንግሊዛዊቱ አዳ ላቭሌስ ናት።

አዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1815 ዓመት በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባቷ ሎርድ ባይሮን ስመ ጥሩ ባለቅኔ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለች ከእናቷ ተለይቶ ካገሩ ወጣ፥ በ1824 ዓመትም በግሪክ አገር ሞተ። እናቷ ሒሳብ የተማረች ነበረችና፥ የአባትየው ጠባይ በልጅቱ እንዳያድር በመሥጋት የሒሳብ መምህራን አቆመችላት። ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዘመን ለሴት የተዘጋ ስለ ነበረ ትምህርቷ በቤትና በደብዳቤ ተፈጸመ። መምህሯ ዴ ሞርጋን ስጦታዋን እያደነቀ፥ ብርቱ ምርምር የሴትን ሰውነት እንዳይጎዳ ይፈራ ነበር። እርሷ ግን አልተመለሰችም።

በ1833 ዓመት ቻርልስ ባቤጅ ከሚባለው ሊቅ ጋራ ተዋወቀች። ይህ ሰው፥ ሐር የሚሠራው ሸማኔ ጌጡን በተበሳ ካርቶን እንደሚያዝ፥ እንዲሁ በተበሳ ካርቶን እየታዘዘ የሚያሰላ መኪና ለመሥራት ያስብ ነበር። አዳ አግብታ የሦስት ልጆች እናት ከሆነች በኋላ፥ በ1843 ዓመት ስለዚሁ መኪና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰች፤ ከጽሑፉም በብዙ የሚበልጥ ማብራሪያ ጨመረችበት። በዚያም መኪናው አንድን ከባድ ሒሳብ በየትኛው ተራ እንደሚፈጽም አሳየች። ከዚህም አልፋ፥ ሥርዐቱ በምልክት ከተገለጠ፥ መኪናው ከቍጥር ሌላ ዜማን እንኳ ሊያቀናብር እንደሚችል አስተዋለች። ሆኖም በሥራው ላይ ያኖረችው ሙሉ ስሟን ሳይሆን የስሟን መነሻ ፊደላት ብቻ ነበረ።

መኪናው ተሠርቶ ሳይፈጸም፥ አዳ በ1852 ዓመት በ36 ዓመቷ በነቀርሳ በሽታ ዐረፈች። መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ኮምፒዩተር በተሠራ ጊዜ የሐሳቧ ታላቅነት ታወቀ። በ1979 ዓመትም የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተር ማዘዣ ያወጣውን ቋንቋ በስሟ አዳ ብሎ ሰየመው፤ በ1980 ዓመትም የደንቡን ቍጥር በልደቷ ዓመት 1815 አለው።

ለአዳ በሩን የከፈተላት የእናቷ ሀብትና ፈቃድ ነው። ሀብት የሌላት ልጅ ግን በሩን የሚከፍትላት አባት፥ መምህርና ሹም ያስፈልጋታል። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሊቅም የቍጥር ትምህርት ትዕግሥትን እንጂ ጢምን እንደማይጠይቅ ያውቃል። እንግዲህ ልጅቱ ወደ ኮምፒዩተር ትምህርት ስትገሠግሥ የሚከለክላት ሰው፥ ከአገሩ ምን ያህል ጥቅም እንደሚያስቀር አስቀድሞ ያስብ።