ብድራቸውን የመለሱ ንጉሥ

ከዋጃ ተነሥተን በቆቦና በወልድያ በኩል ወደ ደሴ ስንጓዝ ውጫሌን እናገኛለን። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት በዚህ ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. መልእክተኛቸው ደጃዝማች መኰንን ኢጣልያ ሄደው 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደሩላቸው፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ጥቂት ሳይቆይ ኢጣልያ የውሉን 17ኛ አንቀጽ ጠቅሳ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች። ዘመኑ ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን ነበር። ይሁን እንጂ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሲያፈርሱ ብድሩንም ከነወለዱ መለሱ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ፤ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ደመወዛችን ሳይደርስ በዱቤ የምንጨርስ ወጣቶች ይህን እናስብ፤ ባለዕዳ ሰው እምቢ ለማለት አፉን ሞልቶ አይናገርም።