ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው በችግር ተማሩ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አደላደሉ። በ1909 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዲሬክተር ሆነው ተሾሙ።

ለመጽሐፍ ሊቅ የመንገድና የውሃ፥ የወሰንና የጽዳት ነገር ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን መንገድ ቢበላሽ ባለጠጋው በበቅሎ ያልፋል፤ ጭቃውን የሚረግጥ ድኻው ነው። ውሃም ቢቈሽሽ አስቀድሞ የሚታመመው የድኻ ልጅ ነው። ኅሩይ ግን ሹመቱን ተቀብለው ከተማውን አገለገሉ።

ኋላ ዳኛ፥ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ።

ልጆች ሆይ፥ ለሰፈሩ ምንጭ የማያስብ ሰው ለአገሬ አስባለሁ ቢል ማን ያምነዋል?