ዊልያም መርዶክና ትንሿ የእንፋሎት ሠረገላ

ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1754 ተወለደ። በ1777 በበርሚንግሃም የቦልተንና ዋት ድርጅት ተቀጥሮ፣ ኋላ በኮርንዋል የማዕድን ጉድጓዶች ውኃ የሚስቡ የእንፋሎት ሞተሮችን ይተክልና ይጠግን ነበር። ከሥራ በተረፈው ጊዜ፣ በ1784 ገደማ፣ በሬድሩዝ መኖሪያ ቤቱ ባለሦስት መንኰራኵር ትንሽ ሠረገላ ሠራ። ከመዳብ ቦይለሯ ሥር የአልኮል ኩራዝ ሲለኮስ፣ እንፋሎቱ ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑን እየገፋ በራሷ ኃይል ያስኬዳት ነበር።

ዋት ግን ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1786 መርዶክ የፈጠራ መብት ሊያስመዘግብ ወደ ሎንዶን ሲጓዝ፣ ቦልተን በኤክስተር አቅራቢያ አግኝቶ መለሰው። በ1801 በዚያው በኮርንዋል ሰው የጫነ የእንፋሎት ሠረገላ በመንገድ ላይ ያስኬደው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። መርዶክ በ1792 ቤቱን በከሰል ጋዝ አብርቶ ስሙን አስጠራ፤ በ1839ም ሞተ። የአሠሪዎቹ ጥንቃቄ ምክንያት ቢኖረውም፣ ድርጅቱ በእጁ የነበረውን ቀዳሚነት አሳልፎ ሰጠ።