የድሃ ልጆች ጠበቃ

ታዴዎስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1792 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት አንድ እግሩ ቆልማማ ሆኖ ተወለደ። ድሃ እናቱ ደፋ ቀና ብላ አስተማረችው። ጠበቃ ሆኖም በፔንሲልቫኒያ ግዛት ጌቲስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ።

በዚያ ግዛት የድሃ ልጅ በነፃ የሚማረው ወላጆቹ ድሃ ተብለው ሲመዘገቡ ብቻ ነበር፤ ብዙዎችም ከዚህ ውርደት ልጃቸውን ቤት ማስቀረትን መረጡ። የ1834ቱ ሕግ ትንንሽ ከተሞችንና የገጠር ቀበሌዎችን የትምህርት ወረዳ አድርጎ፣ በግብር የሚተዳደርና ለሁሉም ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት ፈቀደ። ግብሩ ያስቆጣቸው ሰዎች በዓመቱ ሕጉ እንዲሻር ጠየቁ፤ የግዛቱ ሴኔትም ተስማማ። ስቲቨንስ በተወካዮች ምክር ቤት ተነሥቶ አጥብቆ ተከራከረ፤ ሕጉም ጸና።

በኋላም በአሜሪካ ኮንግረስ የባርነት ብርቱ ጠላት ሆነ። በ1868 ሲሞት፣ ራሱ በመረጠው፣ ነጭና ጥቁር በማይለይበት የላንካስተር መካነ መቃብር ተቀበረ።