ኤቨረስት እንቅልፍ የነሳው መምህር

እንግሊዛዊው መምህር ጆርጅ ማሎሪ ኤቨረስትን ለመውጣት ያልፈነቀለው ድንጋይ የለም። እ.ኤ.አ በ1921 መንገዱን አጠና። በ1922 ሲመለስ የበረዶ ናዳ ሰባት ተሸካሚዎችን ገደለ፤ ራሱን ወቀሰ፣ ልቡ ግን ከተራራው አልተነሳም። በ1924 ባለቤቱን ሩትንና ሦስት ልጆቹን ተሰናብቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ። ዕድሜው 37 ደርሷል፤ እንግዲህ ሌላ ዕድል ከየት ይመጣል? ጁን 8 ቀን ከ22 ዓመቱ አንድሪው ኢርቪን ጋር፣ ያውም በሱፍና በሐር ልብስ፣ ወደ ጫፉ ሲገሰግሱ የቡድን ጓደኛቸው ኦዴል ከታች አያቸው። ከዚያ ጉም ዋጣቸው። ጫፉን ረግጠው ይሁን ሳይረግጡ እስካሁን አለየም። የማሎሪ አስከሬን በ1999 በ8,155 ሜትር ከፍታ ላይ ተገኘ። አናቱ ላይ ሊያስቀምጠው ይዞት ወጣ የሚባለው የሩት ፎቶ ግን ኪሱ ውስጥ አልነበረም።